«ፊታውራሪ» ስለሚለው ቃል

(በራዲዮ የተነገረ)



በጭሮም ሆነ በሂርና፥ በገለምሶም ሆነ በበዴሳ፥ አንድ ሥራ ሲጀመር «የዚህ ነገር ፊታውራሪው እገሌ ነው» ሲባል እንሰማለን። እንግሊዞችም እንዲህ ያለውን ሰው «የጦሩ ጫፍ» ይሉታል። ሁለቱም አነጋገሮች የተወለዱት ከጦር ሜዳ ነው።

ፊት አውራሪ ማለት ከሠራዊቱ ፊት ቀድሞ የሚወርር የጦር አለቃ ነው። ቀኝ አዝማች በቀኝ፥ ግራ አዝማች በግራ ሲሰለፉ፥ እርሱ ግንባሩን ይዞ ጥይቱን አስቀድሞ ይቀበላል። ፊታውራሪ ገበየሁ በ1888 ዓ.ም. በዐድዋ የወደቁት ማዕረጉ የሚጠይቀውን ዋጋ ከፍለው ነው።

ወደ ጨርጨር ስንመለስ፥ አሰበ ተፈሪን፥ የዛሬዋን ጭሮን፥ የቆረቆሩት ፊታውራሪ ተክለ ሐዋርያት ተክለ ማርያም በሩሲያ አገር የመድፈኛ ትምህርት የተማሩ ወታደር ነበሩ። ይሁን እንጂ ስማቸው ይበልጥ የሚነሣው አውራጃውን በማስተዳደራቸውና የ1923 ዓ.ም. ሕገ መንግሥትን በማርቀቃቸው ነው። ቃሉ ከጦር ሰፈር ወደ ጽሕፈት ቤት የተሻገረው በእንዲህ ያሉ ሰዎች ይመስለኛል።

ከ1966 ዓ.ም. አብዮት ወዲህ ማዕረጉ መሰጠቱ ቢቀርም ቃሉ አልተሻረም። ሌሎች የደከሙበትን ከኋላ ተቀምጦ የሚፈርም አለቃ ግን በጥንቱ የሰልፍ ሥርዓት ስሙ ሌላ ነው፤ ደጀን ይባላል።