ለዋናው መንገዳችን እድሳት ገንዘቡ ከየት ይምጣ?
(በነዋሪዎች ማኅበር ስብሰባ ላይ የተደረገ ንግግር)



ዛሬ ልናነሣ የፈለግነው በመድኃኔ ዓለም አካባቢ ያለውን ዋና መንገዳችንን፣ በግራ ቀኙም ያሉትን የቆዩ ቤቶችና ሱቆች ስለማደስ ነው። «ይታደስ» ሲባል ሁላችንም እጃችንን እናወጣለን። «በማን ገንዘብ?» ሲባል ግን ዝም ዝም ነው።

እስቲ ቁልቁል ወደ ፒያሳ እንመልከት። አራዳ በምኒልክ ዘመን የከተማችን ትልቁ ገበያ ነበር። በጣሊያን ወረራ ጊዜ ገበያው ወደ መርካቶ ቢዛወርም፣ ወርቅ ቤቱና ሲኒማ ቤቱ ፒያሳን እንዳደመቀ ኖረ። በ1967 ዓ.ም. በአዋጅ ቁጥር 47 የከተማ ቦታና ትርፍ ቤት የመንግሥት ሆነ። ኪራያቸው በወር እስከ 100 ብር የነበሩት ቤቶች ለቀበሌ ተሰጡ፤ ኪራዩም ተቀነሰ። ለድኻው ትልቅ እፎይታ ነበር፤ ይህን አንክድም። ነገር ግን ያ ኪራይ ቤቱን ለማደስ የሚበቃ አልነበረም። ተከራዩ «ቤቱ የእኔ አይደለም» ይላል፤ ቀበሌው «በጀት የለም» ይላል፤ ክረምቱ ግን ማንንም አይጠብቅም።

እንዲህ እንዲህ እያለ ቤቱ አረጀ። በ2016 ዓ.ም. የኮሪደር ልማት ሲጀመር በፒያሳ ብዙ ቤቶች ፈረሱ። መንገዱ ሰፋ፣ መብራቱም አማረ፤ ከነዋሪው ግን ብዙው ወደ ሌላ ሰፈር ተዛወረ። አብሮ ያለቀሰና አብሮ የደገሰ ጎረቤት ተለያየ። አስፋልት በወራት ይነጠፋል፤ ጉርብትና ግን የብዙ ዘመን ሥራ ነው።

ከዚህ የምንማረው አንድ ነገር ነው። ይኸውም፣ መንገድን የሚያቆየው አንድ ጊዜ የሚመጣ ትልቅ ገንዘብ ሳይሆን በየወሩ የሚገባ ትንሽ ገንዘብ ነው። በ1992 ዓ.ም. የወጣው የቅርስ ጥናትና አጠባበቅ አዋጅ ቁጥር 209ም ቅርስ በእጁ ያለ ሰው በራሱ ወጪ እንዲጠብቀው ደንግጓል። ስለዚህ ቀዳሚዎቹ እኛው ነን።

እኛ ደግሞ ለዚህ እንግዳ አይደለንም። እድር አለን፣ እቁብ አለን። በዚህ መሠረት የሚከተለውን ሐሳብ አቅርበናል፦

1ኛ. ሱቅ ያለውም፣ ቤት ያለውም፣ ተከራይም እንደ አቅሙ በየወሩ ያዋጣ። የገባውና የወጣው ሒሳብ በዚሁ ሰሌዳ ላይ ይለጠፍ።

2ኛ. የመጀመሪያው ብር ለቀለም አይውል። የጭቃ ቤት ጠላቱ ውኃ ነው፤ ስለዚህ ለቆርቆሮ፣ ለአሸንዳና ለቦይ ይቅደም።

3ኛ. ከአቅማችን በላይ የሆነውን ለወረዳው በጽሑፍ እንጠይቅ። ያዋጣነውን ይዘን ስንሄድ ልመና ሳይሆን ድርሻ ጥየቃ ይሆናል።

4ኛ. ከእድሳቱ በኋላ ሸክላ ሠሪ እናቶቻችንና ሸማኔዎቻችን በመንገዱ ላይ መሸጫ ይኑራቸው። የቀጨኔን ስም ያስጠሩት እነሱ ናቸው፤ ኪራይ ጨምሮ እነሱን የሚያባርር እድሳት ለእኛ እድሳት አይደለም።

«ገንዘቡ ትንሽ ነው፣ ምን ይሠራል?» የሚል አይጠፋም። ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ ነው። ክረምቱ ሳይገባ አንድ ጣሪያ ብንከድን፣ አንድ ቤት አዳንን ማለት ነው። በሐሳቡ ላይ ተወያዩበት፤ የሚጎድለውን ሙሉ፣ የተሳሳተውን አርሙ።