ጣራው ይቅደም፣ ሶላሩ ይከተል

(በማኅበራችን ጠቅላላ ስብሰባ ላይ በጸሐፊው የተነገረ። ላልተገኙ አባላት በማስታወቂያ ሰሌዳ እንዲወጣ በተጠየቀው መሠረት የቀረበ።)



ዛሬ የምንነጋገረው ስለ አዳራሻችን ጣራና፣ ወርደው ግድግዳ ተደግፈው ስለ ተቀመጡት ሁለት የሶላር ፓኔሎች ነው። ነገሩን ሳንሸፋፍን እናስረዳለን። ገንዘቡ የናንተ ነው፤ ጥፋቱ ደግሞ የኛ የኮሚቴው ነው።

ሶላር ለምን አስፈለገ የሚል ሰው ከመካከላችን ያለ አይመስለንም። በ2014 ዓ.ም. ከጥቅምት መጨረሻ ጀምሮ እስከ ኅዳር መጨረሻ ኮምቦልቻ በጦርነት ተይዛ መብራት በጠፋ ጊዜ እንዴት እንደ ሰነበትን ሁላችንም እናውቃለን። ለቀስተኛ በሻማ ተቀብለናል። አዳራሹ የራሱ መብራት ይኑረው የሚለው ሐሳብ የተነሣው ያኔ ነው።

ታዲያ በግንቦት 2017 ዓ.ም. ፓኔሎቹ ሲገዙ አንዲት እናታችን ከዚያ ጥግ ተነሥተው «ልጆቼ፣ ጣራው እኮ አርጅቷል፤ መጀመሪያ እሱን እዩት» ብለው ነበር። ቃለ ጉባኤው ላይ ጻፍነው እንጂ አልሰማናቸውም። ከኮሚቴው መሰላል አቁሞ የወጣ አንድም ሰው አልነበረም። ነሐሴ ላይ በረዶ የቀላቀለ ዝናብ ሲወርድ የፓኔሉ መስታወት ምንም አልሆነም፤ ቆርቆሮው ግን በየሚስማሩ ቀዳዳ አፈሰሰ። የቅሬው ድንኳን ራሰ፣ ምንጣፉ ሻገተ፣ ባትሪው ያለበት ሳጥን ውስጥ ሳይቀር ውሃ ገባ።

ፓኔሎቹን አውርደን ጣራውን ስናይ አፈርን። ቆርቆሮው ባለ 35 ጌጅ ነው። የጌጁ ቁጥር በጨመረ ቁጥር ቆርቆሮው እየሳሳ እንደሚሄድ ብዙዎቻችን አናውቅም ነበር፤ ወፍራሙ ባለ 28ቱ ነው። ቆርቆሮ የሚያመርት ፋብሪካ ባለበት ከተማ ተቀምጠን ይህን አለማወቃችን የሚገርም ነው። የባሕር ዛፍ ማገሩንም ምስጥ ቦርቡሮታል፤ በጣት ሲነኩት ዱቄት ሆነ። የፓኔሉ ማሰሪያ ሚስማር ደግሞ በቆርቆሮው ጉብታ ላይ መመታት ሲገባው ቦዩ ላይ ተመትቷል። ውሃ የሚወርደው በቦዩ አይደለም እንዴ! የጎማ ዋሸርም አልተደረገለትም።

በየቤታችሁ ፓኔል ለመስቀል ያሰባችሁ እንዳላችሁ ስለምናውቅ ይህንን ልብ በሉ። ትልቁ ባለ 400 ዋት ፓኔል አንዱ ከ20 ኪሎ በላይ ይመዝናል። ሰው ክብደቱን ይፈራል፤ ነፋሱን ግን ይረሳል። ነፋስ ከሥር ገብቶ ፓኔሉን ወደ ላይ ይገፋዋል፤ ማገሩ የበሰበሰ ከሆነ ቆርቆሮውን ጭምር ይዞት ይነሣል። ደኅና ፓኔል 25 ዓመት ያህል ያገለግላል። ነገ የሚቀየር ጣራ ላይ ከሰቀላችሁት አውርዳችሁ መልሳችሁ ልትሰቅሉ ነው፤ ሁለት ጊዜ የባለሙያ ዋጋ ማለት ነው።

ይህ በሀብታም አገርም ያለ ነገር ነው። አሜሪካ ሚኒሶታ የሚኖር የአንድ አባላችን ልጅ በስልክ እንደ ነገረን፣ እዚያ ፓኔል ገጣሚዎቹ መጀመሪያ የሚጠይቁት የጣራውን ዕድሜ ነው። ካረጀ በቅድሚያ ይቀየር ይላሉ። የነሱ በረዶ እንደኛው እንደ ጠጠር ወርዶ ወዲያው የሚቀልጥ ሳይሆን፣ ክረምቱን ሙሉ ጣራ ላይ ተከምሮ የሚጫን ነው። አማርኛችን ሁለቱንም በረዶ ስለሚላቸው ነው የምንደናገረው።

«የኛ በረዶስ መስታወቱን አይሰብርም ወይ?» ለተባለው፣ ደረጃውን ያሟላ ፓኔል 25 ሚሊ ሜትር ስፋት ያለው የበረዶ ኳስ በሴኮንድ 23 ሜትር ፍጥነት ተወርውሮበት ይፈተናል። ሽምብራ የሚያህለው አያሰጋም። የዶሮ እንቁላል የሚያህል ከመጣ ግን ዋስትና የለም።

አሰቃቀሉን በሚመለከት፣ ኮምቦልቻ ከምድር ወገብ ወደ ሰሜን 11 ዲግሪ ላይ ስለሆነች ፓኔሉ ፊቱን ወደ ደቡብ አድርጎ ከ10 እስከ 15 ዲግሪ ዘመም ይበል። ከሚያዝያ አጋማሽ እስከ ነሐሴ አጋማሽ የቀትር ፀሐይ ወደ ሰሜናችን ስለምታልፍ ከዚህ በላይ ማዘንበል አይጠቅምም፤ ይህችው ዝንባሌ ዝናብ አቧራውን እንዲያጥበው ትበቃለች። ከቆርቆሮው አንድ ጋት ያህል ከፍ ይበልና ነፋስ ይግባበት፤ ፓኔል ሲግል ጉልበቱ ይቀንሳል።

እናቶች ደግሞ እንጀራ ይጋገርበት እንደሆነ ጠይቃችኋል። አይጋገርም። የኤሌክትሪክ ምጣድ 3,500 ዋት ገደማ ይፈልጋል፤ የኛ ሁለቱ ፓኔሎች ተደምረው 200 ዋት ናቸው። ባለ 9 ዋት አሥር አምፖል ለአምስት ሰዓት ያበራሉ፣ ስልክም ይሞላሉ። ለአዳራሹ በቂ ነው።

እንግዲህ ኮሚቴው የሚያቀርበው ሐሳብ የሚከተለው ነው። ክረምቱ ሳይገባ የአዳራሹ ቆርቆሮ በባለ 28 ጌጅ ይለወጥ፤ የተበላው ማገር ወጥቶ የምስጥ መድኃኒት በተቀባ እንጨት ይተካ፤ ፓኔሎቹ ከዚያ በኋላ ይሰቀሉ። ለዚህ ተጨማሪ መዋጮ ያስፈልጋል። ኑሮው እንደ ከበደ እናውቃለንና ማስገደድ አንፈልግም። አባላት መዋጮውን ካልተቀበሉት ፓኔሎቹ ተሸጠው ገንዘቡ ወደ ካዝና ይመለሳል፤ ጣራው በቁጥብ ይጠገናል፤ መብራቱ ግን ይቀራል።

መዋጮው ከጸደቀ ለሠራተኛው የመጨረሻው ክፍያ ከመሰጠቱ በፊት፣ ከኮሚቴው ውጭ የሆኑ ሦስት አባላት ሥራውን አይተው ይፈርማሉ። ከሦስቱ አንዷ እኒያ ያስጠነቀቁን እናታችን እንዲሆኑ እንጠይቃለን። መሰላሉን ባይወጡም ከሥር ሆነው ይቆጣጠሩልናል።

ድምፅ የሚሰጠው በመጪው እሑድ እዚሁ አዳራሽ እጅ በማውጣት ነው። መምጣት የማይችል ሐሳቡን በጽሑፍም ሆነ በቃል ለጸሐፊው ያድርስ። ዝናብ ከሆነ ዣንጥላ ይዛችሁ ኑ፤ በምሥራቅ በኩል ያለው አግዳሚ ላይ አሁንም ያፈስሳል።