«ልጅ ያቦካው»፦ በአንደኛ ደረጃ ክፍል ውስጥ የተማሪዎችን ምክር ቤት ስለ ማቋቋም



«ልጅ ያቦካው ለራት አይበቃም» ይላል ያገራችን ሰው። በዛሬው ንግግሬ ይህን አባባል በአንድ የአራተኛ ክፍል ውስጥ ከገጠመኝ ነገር ጋር ላገናዝበው እሞክራለሁ። ከምናገረው ውስጥ አብዛኛው የራሴ ስሕተት መሆኑን ከወዲሁ ልግለጽ።

ጆን ዲዊ እ.ኤ.አ. በ1916 ባሳተመው «ዴሞክራሲና ትምህርት» በተሰኘው መጽሐፉ፣ ዴሞክራሲ ከመንግሥት ቅርጽነት አልፎ የአብሮ መኖር ሥርዓት መሆኑን አስረድቷል። አብሮ መኖር ደግሞ በሽምደዳ አይለመድም። እኛ ግን በሥነ ዜጋ ትምህርት የምርጫን ትርጓሜ በጥቁር ሰሌዳ ጽፈን እናስገለብጣለን፤ በዚያው ክፍል ውስጥ ግን አለቃውን የሚሾመው መምህሩ ነው። ይህን ተቃርኖ ለማረም በማሰብ፣ ከጥቂት ዓመታት በፊት ከአንዲት የክፍል ኃላፊ መምህርት ጋር ሆነን በ58 ሕፃናት ክፍል ውስጥ ሰባት አባላት ያሉት ምክር ቤት እንዲመረጥ አደረግን።

ምርጫው ያማረ ነበር። እያንዳንዱ ዕጩ የራሱን ምልክት ሣለ፤ ድምፅ በታጠፈ ወረቀት ተሰጠ፤ ቆጠራው በሁሉም ፊት ተካሄደ። ምክር ቤቱ በመጀመሪያ ስብሰባው ያወጣው ሕግ ግን «የሚረብሽ ስሙ ይጻፍ፤ ስሙ የተጻፈ ይንበርከክ» የሚል ነበር። በመጀመሪያ ደነገጥሁ፤ ቆይቶ ግን ነገሩ ገባኝ። ልጆቹ ከዚያ በፊት ያዩት ሥልጣን ጠመኔ ይዞ ስም የሚጽፈውን የክፍል አለቃ ብቻ ነው። ያዩትን ደገሙ። እኛም ሥልጣኑ ምን ድረስ እንደሆነ ሳንነግራቸው ሥልጣን ሰጥተናቸው ነበር። ስለዚህ ቅጣት ከምክር ቤቱ ሥልጣን ውጪ እንዲሆን ደነገግን፤ በምትኩ የመቀመጫ አደላደልን፣ የጽዳት ተራንና 300 ብር በጀትን ለእነርሱ ተውን።

ከባዱ ስሕተት የተፈጸመው ከዚህ በኋላ ነው፤ የፈጸምሁትም እኔ ነኝ። በጀቱ ለኳስ ይዋል ወይስ ባለ ቧንቧ የውኃ ባልዲ ይገዛበት የሚል ክርክር ተነሣ። ኳሱ በ31 ድምፅ አሸነፈ፤ ባልዲው 26 አገኘ፤ አንድ ወረቀት ባዶ ነበር። እኔ ልቤ ከባልዲው ጋር ነበርና ስለ ንጹሕ ውኃ ጥቅም ጥቂት ተናግሬ «እስቲ እንደገና አስቡበት» አልኋቸው። በሁለተኛው ድምፅ 55ቱ ባልዲውን መረጡ። ደስ አለኝ። ያን ጊዜ ከፊት ወንበር የተቀመጠች ልጅ እጇን አውጥታ፣ «መምህር፣ መጀመሪያውኑ ቢነግሩን ኖሮ ወረቀቱን ባላባከንን» አለች። በንግግሯ ውስጥ የምፀት ጥላ እንኳ አልነበረም፤ ከልቧ ስለ ወረቀቱ አስባ ነበር።

በቀጣዩ ሳምንት ስለ መቀመጫ ድምፅ ሲሰጡ፣ ከመጻፋቸው በፊት ፊቴን ሲያዩ አስተዋልሁ። ድምፅ መስጠት ማለት የትልቁን ሰው ፍላጎት መገመት ማለት መሆኑን በአንድ ቀን አስተምሬያቸው ነበር። ይህ ትምህርት ከክፍል ወጥቶ ወደ ቀበሌ፣ ወደ መሥሪያ ቤት፣ ወደዚህም አዳራሽ እንደሚዘልቅ የማናውቅ አይመስለኝም።

ተመልሼ በፊታቸው ቆምሁ፤ ያደረግሁት ልክ እንዳልነበረ ነገርኋቸው፤ የመጀመሪያው ውጤትም ጸና። ኳሱ ተገዛ። በሁለተኛው ሳምንትም በእሾኽ ተበሳ። «ልጅ ያቦካው» የሚለው አባባል ትዝ ያለኝ ያን ጊዜ ነው፤ የክፍሏ መምህርትም ትዝ እንዳላት ከፊቷ አነበብሁ። ሁለታችንም ግን ዝም አልን።

ልጆቹ በሁለት ስብሰባ ተከራከሩ። ርካሽ ኳስ ገዝቷል የተባለው ገንዘብ ያዥ ከኃላፊነቱ ተነሣ። ኅዳር 29 ቀን 1987 ዓ.ም. የጸደቀው ሕገ መንግሥታችን በአንቀጽ 12 ሕዝብ አመኔታ ያጣበትን ተወካይ ከቦታው ሊያነሣ እንደሚችል ይደነግጋል፤ ያንን አንቀጽ በተግባር ሲሠራ ከዚያ ቀን በፊት በዓይኔ አላየሁም ነበር። ልጁ ግን አለቀሰ፤ አንዳንዶቹም ሳቁበት። መምህርቲቱ የገባችው እዚህ ላይ ነው። ውሳኔውን ሳትነካ «መጠየቅና ማዋረድ አንድ ናቸው ወይ?» ብላ ጠየቀቻቸው። ከብዙ ንግግር በኋላ «የተከሰሰ አስቀድሞ ይናገር፤ ሲናገር ማንም አይሳቅ» የሚል ሕግ አወጡ። በስም ጽፎ በማንበርከክ የጀመረ ምክር ቤት እዚህ ደረሰ።

ይህ መንገድ ለእኛ አዲስ ቢመስልም ከእኛ በፊት የሄዱበት አሉ። ያኑሽ ኮርቻክ በዋርሶ ባስተዳደረው የወላጅ አልባ ሕፃናት ማሳደጊያ ልጆች ምክር ቤትና ፍርድ ቤት ነበራቸው፤ አስተማሪም በፍርድ ቤቱ ሊከሰስ ይችል ነበር፤ ኮርቻክ ራሱም ቀርቦ ተዳኝቷል። ብዙዎቹ የፍርድ ቤቱ አንቀጾች ስለ ይቅርታ የሚናገሩ ነበሩ። እ.ኤ.አ. በ1989 የጸደቀውና አገራችንም የተቀበለችው የሕፃናት መብቶች ስምምነት ደግሞ በአንቀጽ 12 ሕፃን በሚመለከተው ጉዳይ አሳቡን የመግለጽ፣ አሳቡም እንደ ዕድሜውና እንደ ብስለቱ ክብደት የማግኘት መብት እንዳለው ያረጋግጣል።

ነገ ወደ ክፍል ለምትሠማሩ ዕጩ መምህራን ከዚህ የቀሰምሁትን ላካፍላችሁ። አንደኛ፣ የልጆቹ የሆነውንና የእናንተ የሆነውን ከምርጫው በፊት ለዩ፤ ደኅንነትን፣ ፈተናንና ቅጣትን ለምክር ቤት አትስጡ። ሁለተኛ፣ የሥልጣን ዘመኑን አሳጥሩ፤ ያን ጊዜ ጽሕፈቷ ያማረ ልጅ ሁልጊዜ ጸሐፊ፣ ድምፁ የጎላ ልጅ ሁልጊዜ ሰብሳቢ ከመሆን ይድናሉ። ሦስተኛ፣ ድምፅ በምስጢር ይሰጥ፤ እናንተም በዚያች ሰዓት ፊታችሁን ወደ መስኮት መልሱ። አራተኛ፣ የሰጣችሁትን መልሳችሁ አትውሰዱ። የማትችሉት ከሆነ መጀመሪያውኑ አትስጡ፤ በግልጽ የሚወስን መምህር የልጆችን ድምፅ አስቆጥሮ ከሚሽር መምህር ይሻላል።

አባባሉ እውነት አለው፤ የተበሳው ኳስ ለራት አልበቃም። ይሁን እንጂ ሊጥ ሳይነካ አድጎ ማቡካት የቻለ ሰው አላውቅም።