አፍ ከመፍታት በፊት

(በማኅበራችን የውይይት ምሽት የተደረገ ንግግር)



ስለ አንድ ሕፃን ሲወራ አብዛኛውን ጊዜ የሚጠየቀው «አፉን ፈታ ወይ?» ተብሎ ነው። እስከዚያች ቀን ድረስ ሕፃኑ ከመጥባት፣ ከመተኛትና ከማልቀስ በቀር ሌላ ሥራ ያለው አይመስልም። ዛሬ በፊታችሁ የቆምነው ይህ አስተያየት ትክክል አለመሆኑን ለማስረዳት ነው። ሕፃኑ «እማ» ከማለቱ በፊት ባሉት ወራት ከባድ የሆነውን የቋንቋ ትምህርት ጀምሮ ብዙ መንገድ ሄዶበታል። የምንጠራቸው ዓመቶች ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር መሆናቸውን አስቀድመን እንገልጻለን።

ነገሩ የሚጀምረው ከማኅፀን ነው። ጆሮ ድምፅ መቀበል የሚጀምረው ከስድስተኛው የእርግዝና ወር ገደማ ሲሆን፣ እዚያ የሚደርሰው ንግግር ግን በግድግዳ ማዶ እንደሚወራ ወሬ ነው፤ ቃሉ ባይለይም መውጣቱና መውረዱ ይታወቃል። ዴካስፐርና ፋይፈር የተባሉ ሁለት አሜሪካውያን በ1980 ባወጡት ጥናት፣ ከተወለዱ ሦስት ቀን እንኳ ያልሞላቸው ሕፃናት የእናታቸውን ድምፅ ከሌላ ሴት ድምፅ አብልጠው እንደሚመርጡ አሳዩ። በ1988 ደግሞ ዣክ ሜለርና ባልደረቦቹ የአራት ቀን ፈረንሳውያን ሕፃናት ፈረንሳይኛን ከሩስኛ እንደሚለዩ አረጋገጡ።

ታዲያ የማይናገር ሕፃን እንዴት ይጠየቃል? ዘዴው ቀላልና ብልኀት ያለበት ነው። ፒተር አይማስና ጓደኞቹ በ1971 የአንድ ወርና የአራት ወር ሕፃናትን ከመሣሪያ ጋር የተያያዘ የጡጦ ጫፍ አጠቧቸው። ሕፃኑ አጥብቆ በጠባ ቁጥር «ባ» የሚል ድምፅ ይሰማል። መጀመሪያ ነገሩ ስለሚያስደስተው ደጋግሞ ይጠባል፤ በኋላ ይሰለቸውና ያቀዘቅዛል። በዚያን ጊዜ «ባ» የነበረው ድምፅ «ፓ» ሲሆን ሕፃኑ እንደገና ይበረታል። ስለዚህ ልዩነቱን ሰምቷል ማለት ነው። የልዩነቱን ትንሽነት አስተውሉ፤ ከንፈር ከተከፈተ በኋላ ጕሮሮ እስኪነዝር ባለው ጊዜ ላይ የተደረገው ለውጥ 20 ሚሊሰከንድ ብቻ ነበር፤ ይህም የአንድ ሰከንድ ሃምሳኛ ክፍል ነው። ይህንኑ ያህል ለውጥ «ፓ» በሚባለው ድምፅ ክልል ውስጥ ሲደረግ ግን ሕፃኑ ከቁም ነገር አልቈጠረውም። እኛ አዋቂዎችም የምንሰማው እንዲሁ ነው።

እኛን ከሁሉ አብልጦ ያስደነቀን ግን የጃኔት ወርከርና የሪቻርድ ቲስ ሥራ ነው፤ ምክንያቱም ነገሩ የገዛ ፊደላችንን ይነካል። ቶምሰን ተብሎ በሚጠራው፣ በካናዳ ነባር ሕዝብ ቋንቋ ውስጥ ሁለት የሚፈነዱ ድምፆች አሉ። አንደኛው የእኛ «ቀ» ዓይነት ነው፤ ሁለተኛው ከዚያ ወደ ጕሮሮ ዝቅ ብሎ ይነገራል። እንግሊዝኛ ተናጋሪ የሆነ አዋቂ ሁለቱን መለየት ያቅተዋል። በ1984 በወጣው ጥናት ግን ከእንግሊዝኛ ተናጋሪ ቤተ ሰብ የተወለዱ የ6 እስከ 8 ወር ሕፃናት አብዛኞቹ ለይተዋቸዋል። ከ10 እስከ 12 ወር የሆናቸው ሲፈተኑ ግን የለዩት ጥቂቶች ብቻ ሆኑ። በዚያው ቋንቋ ውስጥ የሚያድጉት ሕፃናት በዓመታቸውም ቢሆን ችሎታው አልጐደለባቸውም።

የውጭ አገር ሰው «ቁጭ በል» ለማለት «ኩች በል» ሲል ያልሳቀ ከመካከላችን ማን አለ? ያ ሰው ግን የስድስት ወር ልጅ ሳለ «ቀ»ን ከ«ከ» ሳይለይ አልቀረም። ደግሞም በሌላው መሳቅ የምንችል አይደለንም፤ በአማርኛ ብቻ ያደገ ሰው አፋን ኦሮሞ ሲማር «ዹጋ» የሚለውን ቃል «ዱጋ» እያለ ጓደኞቹን ሲያስቅ በየዶርሙ እንሰማለን።

ይህ የጆሮ ድካም አይደለም። አንጎል በየቀኑ ለሚሰማው ድምፅ ትኩረቱን እየሰጠ፣ ለማያገለግለው ድምፅ ትኩረቱን ይነሣል። ፓትሪሺያ ኩልና ባልደረቦቿ በ2006 እንዳሳዩት፣ በእንግሊዝኛ «ር» እና «ል» መካከል ያለውን ልዩነት የአሜሪካና የጃፓን ሕፃናት በ6 እስከ 8 ወር እኩል ይሰሙታል። ዓመት ሊሞላቸው ሲል ግን አሜሪካውያኑ ይሻሻላሉ፤ ጃፓናውያኑ ወደ ኋላ ይቀራሉ። እንግዲህ አንዱን እየለቀቁ ሌላውን ማጥበቅ ነው። ቦታውም ቢሆን በዘፈቀደ አይደለም፤ በ2002 ጊሌን ደሃን ላምቤርትዝና ጓደኞቿ የሦስት ወር ሕፃናትን አንጎል በመግነጢስ መሣሪያ ሲመለከቱ፣ ንግግር በሚሰማበት ጊዜ ይበልጥ የሚሠራው የግራው ጐን ሆኖ ተገኘ። በአዋቂም እንዲሁ ነው።

ሌላም ችግር አለ። በጥንቱ ጽሕፈታችን በቃልና በቃል መካከል ሁለት ነጥብ ይደረጋል፤ በንግግር ውስጥ ግን ሁለት ነጥብ የለም። ሕፃኑ ቃል የት እንደሚጀምርና የት እንደሚያበቃ በምን ያውቃል? በ1996 ሳፍራን፣ አስሊንና ኒውፖርት ለ8 ወር ሕፃናት ትርጕም የሌላቸው ቃላት ያለ ዕረፍት የተገጣጠሙበትን ንግግር ለ2 ደቂቃ ብቻ አሰሟቸው። ሕፃናቱ የትኛው ድምፅ የትኛውን አዘውትሮ እንደሚከተል በማስተዋል ቃላቱን ለይተው አወቁ። ሁለት ደቂቃ! እኛ ለስታትስቲክስ ፈተና ስንት ሌሊት እንደምናመሽ መምህራኖቻችን ያውቃሉ።

ይሁን እንጂ ሕፃኑ ድምፅን ሁሉ አግበስብሶ የሚቀዳ መሣሪያ አይደለም። በ2003 በወጣ ሌላ የኩል ጥናት፣ የ9 ወር አሜሪካውያን ሕፃናት ቻይንኛ ተናጋሪዎች 12 ጊዜ አብረዋቸው ተጫወቱ፤ የቻይንኛን ድምፆች መለየት ቻሉ። ያንኑ ንግግር በቴሌቪዥን ብቻ ያዩት ሕፃናት ግን ምንም አልተማሩም። ስለዚህ ሕፃን በስልክ መስታወት ፊት አስቀምጦ «እንግሊዝኛ እየለመደ ነው» ማለት ከንቱ ድካም ነው። እናቶቻችን ድምፃቸውን አቅጥነው፣ ቃሉን እየጎተቱ ሲያባብሉ ወንዶቹ እንስቃለን፤ ነገር ግን በ1997 በአሜሪካ፣ በሩሲያና በስዊድን እናቶች ላይ የተደረገው ምርመራ፣ በዚህ አነጋገር ውስጥ አናባቢዎቹ ከተለመደው ንግግር ይልቅ ጐልተው እንደሚለዩ አሳይቷል።

ከዚህ ላይ አንድ ክርክር እናነሣለን። ዋሽንግተንም ሆነ አዲስ አበባ፣ «ልጁ ይደናገራል» በማለት ቋንቋቸውን ከቤት የሚያስወጡ ወላጆች አሉ። ሁለት ቋንቋ የሚሰሙ ሕፃናት አፍ የሚፈቱት ሌሎቹ በሚፈቱበት ጊዜ ነው፤ በእያንዳንዱ ቋንቋ የሚያውቁት ቃል ቢያንስም ሲደመር አያንስም። አያት በኦሮምኛ፣ እናት በአማርኛ ቢያጫውቱት ጕዳት የለውም። በእኛ አስተያየት ጕዳቱ ያለው ወላጅ የሚኮራበትን ለዛ ትቶ፣ እርሱ ራሱ በሚቸገርበት እንግሊዝኛ ከሕፃኑ ጋር በጥቂት ቃላት ሲወሰን ነው።

ከዚህ የሚብሰው የማይሰማው ሕፃን ነገር ነው። ከ1000 ሕፃናት ከ1 እስከ 3 የሚሆኑት የመስማት ጕድለት ይዘው ይወለዳሉ። ደንቆሮ ሕፃንም በመጀመሪያዎቹ ወራት ድምፅ ያሰማል፤ በር ሲላተም ንዝረቱ ያስደነግጠዋል፤ ስለዚህ ማንም አይጠረጥርም። ዓመት ተኩል ሲሆነው «አባቱም ዘግይቶ ነው የተናገረው» ይባላል። አሁን በነገርናችሁ ሥራ ሁሉ አንጎል የተጠመደባቸው ወራት ግን አልፈዋል። ሐኪሞች የሚመክሩት ጆሮ በ1 ወር ውስጥ እንዲመረመር፣ ጕድለቱ በ3 ወር እንዲረጋገጥ፣ ርዳታው ከ6 ወር በፊት እንዲጀመር ነው። ምርመራው አያሳምምም፤ ሕፃኑ ተኝቶ ሳለ ትንሽ መሣሪያ ጆሮው ውስጥ ገብታ ድምፅ ታሰማለች፤ ጤነኛ ጆሮ የሚመልሰውንም የገደል ማሚቶ ትቀበላለች። በአገራችን ይህ ገና ለእያንዳንዱ ሕፃን የሚዳረስ አይደለም።

ርዳታ ስንል ማዳመጫ መሣሪያን ብቻ አይደለም። ሎራ ፔቲቶና ፓውላ ማረንቴት በ1991 እንደ ገለጹት፣ ከደንቆሮ ወላጆች የተወለዱ ደንቆሮ ሕፃናት ሌላው ሕፃን «ባባባ» በሚልበት ዕድሜ በእጃቸው ይንተባተባሉ፤ የምልክት ቋንቋን ክፍልፋዮች እየደጋገሙ በጣታቸው ይለማመዳሉ። አንጎል የሚጠብቀው ቋንቋን ነው፤ በጆሮ ቢመጣም በዓይን ቢመጣም ይቀበለዋል።

በዚህ በመጨረሻው ነጥብ ላይ በተለይ የሕክምናና የመምህርነት ተማሪዎች የሚሉትን ለመስማት እንፈልጋለን። መድረኩ ለጥያቄ ክፍት ነው።