ስለ አይሮፕላን አካል አሠራርና ስለ ተሰወረው ምስማር



ቤት የሚሠራ ሰው ግድግዳውን በጭቃ ሲመርግ የውስጡ እንጨት ይሸፈናል፤ እንጨቱ የበሰበሰ እንደ ሆነ ግን ክረምት ይገልጠዋል። የአይሮፕላንም ነገር እንዲሁ ነው።

በአሜሪካ አገር ሰው ለትምህርት ወይም ለራሱ ደስታ ብሎ ከሥራው እኩሌታ የሚበልጠውን በገዛ እጁ ቢሠራ፥ በመርማሪ ታይቶለት በሠራው አይሮፕላን እንዲበር ሕጉ ይፈቅድለታል። ሪቻርድ ቫንግሩንስቨን የተባለ የኦሬጎን መሐንዲስ በአውሮፓውያን አቆጣጠር በ1971 ዓ.ም. አንድ ትንሽ አይሮፕላን አበጅቶ አበረረ፤ በኋላም ንድፉንና ክፍሎቹን መሸጥ ስለ ጀመረ፥ ሰዎች በየቤታቸው ገጥመው ያበረሩት ከ10,000 ይበልጣል።

የዚህ አይሮፕላን አካል ውፍረቱ ከአንድ ሚሊሜትር የማይበልጥ የአሉሚኒየም ሉህ ነው፤ በውስጡም እንደ ጎድን አጥንት የሚደግፉት ክፈፎች አሉ። ይህ ብረት በእሳት ቢበየድ ኃይሉ ይደክማል፤ ስለዚህ ሪቬት በሚባል ባለ ራስ ምስማር ይያያዛል። ሠራተኛው አስቀድሞ ሉሁንና ክፈፉን በጊዜያዊ መያዣ አጋጥሞ ቀዳዳውን ይበሳል። ከዚያ በኋላ ሁሉን ፈትቶ የየቀዳዳውን ጠርዝ ያለሰልሳል፤ ስንጥቅ ከሻካራ ጠርዝ ይጀምራልና። ከዚህም በኋላ መልሶ ይገጥመዋል።

ምስማሩን ለመምታት ብዙ ጊዜ ሁለት ሰዎች ያስፈልጋሉ። አንዱ በውጭ ቆሞ በነፋስ ኃይል በሚሠራ መዶሻ ራሱን ይመታል፤ ሁለተኛው በውስጥ ሆኖ ከባድ ብረት በጭራው ላይ ደግፎ ይይዛል። ሉሁ በመካከላቸው ስለ ሆነ አይተያዩም። ውፍረቱ 3.2 ሚሊሜትር የሆነ ምስማር በደኅና ከተመታ፥ ጭራው ተጨፍልቆ ወርዱ 4.8፥ ቁመቱ 1.6 ሚሊሜትር ያህል ይሆናል። ይህን የሚያየው በውስጥ ያለው ብቻ ነው። እርሱም ተጣሞ ቢያገኘው «ተበላሽቷል» ማለት ይገባዋል፤ ያን ጊዜ ምስማሩ በመሰርሰሪያ ተበስቶ ይወጣና ሌላ ይተካል። ዝም ቢል ግን በውጭ ያለው ባልንጀራው አያውቅም።

የዝምታና የቸልተኝነት ዋጋ ስንት እንደ ሆነ በጃፓን አገር ታይቷል። በአውሮፓውያን አቆጣጠር በ1978 ዓ.ም. አንድ ትልቅ አይሮፕላን ሲያርፍ ጅራቱ መሬት ነክቶ ተጎዳ። በተጠገነ ጊዜ፥ በኋላኛው ግድግዳ መጋጠሚያ ጭነቱን ሁለት ረድፍ ምስማር ሊሸከመው ሲገባ፥ ማያያዣው ሉህ ተቆርጦ ስለ ገባ በአንድ ረድፍ ላይ ብቻ ወደቀ። ከውጭ ሲያዩት ጉድለቱ አይታወቅም ነበር። ስንጥቁ ከምስማሩ ቀዳዳ ተነሥቶ ሰባት ዓመት ሙሉ ጥቂት በጥቂት አደገ፤ በ1985 ዓ.ም. ግድግዳው በሰማይ ላይ ፈረሰ፤ ከተሳፈሩት 524 ሰዎችም 520 ሞቱ።

እንግዲህ መምህራን ሆይ፥ ተማሪ የሠራውን ሣጥን ወይም ወንበር ሲያቀርብላችሁ ፊቱን ብቻ አይታችሁ አታመስግኑት፤ ገልብጣችሁ ጀርባውንም እዩ። ጉድለቱን ራሱ ገልጦ «ይህን አፍርሼ ልሥራው» የሚል ልጅ ቢገኝ ግን አትቈጡት፤ ጊዜም እንጨትም ጨምራችሁ ስጡት።