የታቀፈች ዶሮ ሒሳብ

እህቶቻችን፣ «ዶሮዬ ታቅፋ እንቁላል አቆመችብኝ» የሚል አቤቱታ ከስብሰባችን አይጠፋም። ላባ በአፍንጫዋ መሰካት፣ ዘቅዝቆ ማንጠልጠል የለመድነው ነው። እሷስ ምን አጠፋች? እኛ ሒሳብ የምንይዘው ግን መጀመሪያ አስሉት እንላለን። 21 ቀን ትታቀፋለች፤ ጫጩት ይዛም ሁለት ወር ያህል አትጥልም። ይህ ወጪ ነው፣ ይጻፍ። በሌላ በኩል መብራት ቢጠፋ እሷን አያሳስባትም። ለእንቁላል የተዳቀሉት ዶሮዎቻችን መታቀፍ አይሆንላቸውም፤ የእነሱንም እንቁላል የምትፈለፍልልን የሐበሻዋ ናት። አውራ ካለበት ቤት 10 ወይም 12 ትኩስ እንቁላል አስታቅፏት። በሳምንቱ ማታ በባትሪ እያያችሁ ባዶውን አውጡ። ትልቁ ኪሳራ ከተፈለፈሉ በኋላ ነው፤ ድመት አለ፣ ጭልፊት አለ። በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት እናቲቱን ቅርጫት ድፉባት፤ ጫጩቶቹ ከእሷ አይርቁም። ስንት ተፈልፍሎ ስንት እንዳደገ በደብተራችሁ አስፍሩ፤ የዶሮ ብድር ስትጠይቁ የምናየው እሱን ነው።