ኩባንያው ሁለት፣ ጉብታው አንድ



ስለ ቴሌኮም ውድድር እንድናገር ስትጠይቁኝ መጀመሪያ ትዝ ያለችኝ እናቴ ናት። የምትኖረው ላስታ፣ ከላሊበላ ከተማ ራቅ ባለ ቀበሌ ነው። ተራራው ስለሚጋርድ፣ ልትደውልልኝ ስትፈልግ ከቤቷ በላይ ያለውን ጉብታ ትወጣለች። በሐምሌ 2013 ዓ.ም. መጨረሻ ጦርነቱ ላሊበላ ሲደርስ ግን ጉብታውም አልረዳትም፤ ስልክ ተቋርጦ ለወራት ድምፅዋን አልሰማሁም። የኔትወርክ ዋጋ በብር ብቻ እንደማይለካ የገባኝ ያኔ ነው።

አሁን ወደ ሙያዬ ልመለስ። በሌላው ዓለም ጭቅጭቁ ኩባንያዎች ሲዋሃዱ ነው። እ.ኤ.አ. በ2016 የአውሮፓ ኮሚሽን በብሪታንያ ስሪ ኦቱን እንዳይገዛ ከለከለ፤ አራት ኩባንያ ሦስት ሲሆን ዋጋ ይወደዳል ብሎ ሰጋ። በ2024 ግን የብሪታንያ ተቆጣጣሪ ቮዳፎንና ስሪ እንዲዋሃዱ ፈቀደ። በነጻ አይደለም፤ በ8 ዓመት ውስጥ ኔትወርካቸውን ሊያሻሽሉ፣ አንዳንድ ታሪፎችንም ለ3 ዓመት ከተወሰነ ጣሪያ ላያሳልፉ ግዴታ ገብተው ነው።

የእኛ መንገድ የተገላቢጦሽ ነው፤ ከአንድ ወደ ሁለት ሄድን። መንግሥት ዘርፉን ለመክፈት መወሰኑን በግንቦት 2010 ዓ.ም. አስታወቀ። በዚያው ዓመት ነሐሴ ኢትዮ ቴሌኮም የሞባይል ድምፅን 40፣ የሞባይል ኢንተርኔትን 43 በመቶ ቀነሰ። ምክንያቱ ይሄ ብቻ ነው አልልም፤ ግን ተፎካካሪው ገና አልመጣም፣ ወሬው ብቻ ነበር የመጣው! በ2013 የሳፋሪኮም ጥምረት በ850 ሚሊዮን ዶላር ፈቃድ ወሰደ፤ መስከረም 26 ቀን 2015 ዓ.ም. በይፋ ሥራ ጀመረ።

እናቴ ይህን ስነግራት ምን አለችኝ? «ልጄ፣ ኩባንያው ሁለት ሆነ አልክ፤ ጉብታው ግን ያው አንድ ነው።»

እውነቷን ነው። በከተማ ደንበኛ አንዱ ካልተመቸው ሲሙን ይቀይራል። ላስታ ውስጥ ግን ታወር ለመትከል መንገድ ይጠረጋል፣ መብራት በሌለበት ጄኔሬተር ይቆማል፣ ደንበኛው ደግሞ ጥቂት ነው። እዚህ ሁለት ታወር ጎን ለጎን ይተከል ማለት አንዱም አይተከል ማለት ነው። ስለዚህ እኔ የምለው፦ ኩባንያዎቹ አይዋሃዱ፤ ታወሩን ግን ይጋሩ። ውድድሩ በዋጋና በአገልግሎት ይሁን። አዋጅ ቁጥር 1148/2011 መሠረተ ልማት መጋራትን ይፈቅዳል፤ የጎደለን የት እንደሚያስፈልግ በማስረጃ የሚያሳይ ሰው ነው።

ያ ሰው እኛ ብንሆንስ? መምህራንና ተማሪዎች፣ እኛም የቀድሞዎቹ ተጨምረን፣ በየቀበሌው ኔትወርክ የሚይዝበትንና የማይዝበትን ካርታ እናውጣ። ለባለሥልጣኑም፣ ለሁለቱም ኩባንያዎች እናቅርበው። የመጀመሪያዋን ጉብታ እኔ አሳያችኋለሁ።